መሬቱ ካልተያዘ ውኃው አይያዝም፦ ከመገጭ ተፋሰስ ነዋሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ወረዳዎች ለምትገኙ የመሬት አስተዳደር፣ የውኃ፣ የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የምንጭ ዙሪያ፣ የጨፌ፣ የወንዝ ዳርና የተዳፋት መሬቶች እንዲከለሉና እንዲጠበቁ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ መገጭ ወንዝ በሚወርድ አንድ ጅረት ዳር የምንኖር ሰዎች ነን። ከመካከላችን ገበሬ አለ፤ መምህር አለ፤ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታስተምር እናት አለች። የሚያሰባስበን አንድ ጨፌና ከጨፌው ግርጌ የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ያ ጨፌ ዘንድሮ ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ። ማንም አላማከረንም። ቅሬታችንን በቃልም በጽሑፍም አቅርበናል። ያገኘነው መልስ ግን ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድን።

ነገሩ የአንድ ጨፌ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕዝብ ፊት ባላቀረብነው። ከእኛ ዘንድ የሚወጣው ውኃ መገጭ ይገባል። መገጭም ጣና ይገባል። በእኛ ጅረት የሆነው በሌሎቹ የጎንደር ወንዞች፣ በአንገረብም፣ በቀሃም፣ በሽንታም ዳር እየሆነ ነው። በየስብሰባው ውኃ ጠፋ፣ ዓሣ ቀነሰ፣ እምቦጭ ሐይቁን ወረረው ሲባል እንሰማለን። መፍትሔ ሲፈለግ ግን ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ውኃው ላይ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከላይ፣ ከመሬቱ ነው። መሬቱ ካልተያዘ ውኃው አይያዝም። በዚህ ደብዳቤ የምንለው ይህንኑ ነው።

ከራሳችን ጉዳይ እንጀምር።

ጨፌው የወል መሬት ነው። ከዓመታት በፊት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ከብት እንዳሻው ይገባበታል። አፈሩ ተረጋግጦ ተረጋግጦ ዶማ አይበሳውም። ምንጩም ገና መጋቢት ሳያልቅ ይነጥፋል። ሽማግሌዎች ሕዝቡን ሰብስበው መከሩና ከብት እንዳይገባ ተወሰነ። ሣሩ በተራ እየታጨደ እንዲወሰድ፣ ደንቡን የጣሰም እንዲቀጣ ተስማማን። ዙሪያውን ሰንሰልና ቅንጭብ ተከልን። በጅረቱ ዳር ደግሞ ዶቅማና ዋንዛ። ቄጠማውን ግን ማንም አልተከለውም፤ ራሱ መጣ። ጥቂት ክረምቶች እንዳለፉ ምንጩ በበጋም ሳይደርቅ መሰንበት ጀመረ። ሴቶቹ ውኃ ፍለጋ ቁልቁል መውረድ አቆሙ።

ከመካከላችን ያሉ አንድ የባዮሎጂ መምህር ሰኔ ላይ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ይወስዱ ነበር። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ያስይዟቸዋል። አንዱን ውኃው ወደ ጨፌው ከሚገባበት ይሞላሉ። ሌላውን ከሚወጣበት። ሁለቱም ክፍል ውስጥ መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። በማግስቱ በላይኛው ሃይላንድ ሥር ጣት የሚያህል ጭቃ ተኝቶ ይገኛል። የታችኛው ትንሽ ደፍረስ ከማለቱ በቀር ከወዲያ ማዶ የቆመውን ሰው ያሳያል። ልጆቹ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ውኃ በቄጠማ መካከል ሲያልፍ ይዘገያል። ሲዘገይ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ከአፈሩ ጋር የመጣውን የማዳበሪያና የፍግ ቅሪት ደግሞ ሥሩ ይስበዋል። ጭቃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያንም ከቅሪቱ የሚወጣውን ናይትሬት ወደ ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይመልሱታል። የቀረው ውኃ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በበጋ ምንጩ የሚሰጠን እሱን ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሞተርም፣ ነዳጅም፣ የበጀት ዓመትም የማይጠይቅ አንድ መስክ ነው።

ጥር ላይ ባለሙያዎች መጡ። ሜትር ዘረጉ፣ ችካል ቸከሉ፣ በኖራ አሰመሩ። ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ መሬቱ ክፍት ስለሆነ ለቤት ማኅበር ተመድቧል ተባልን። ብዙም ሳይቆይ ውኃውን የሚያፈስ ጥልቅ ቦይ ከጨፌው መሐል እስከ ጅረቱ ድረስ ተቆፈረ። በጥቂት ሳምንታት ቄጠማው ቢጫ ሆነ። ምንጩ አሁን እንደ ክር ቀጥኗል። ልጆች ጀሪካን እስኪሞላላቸው ሲጠብቁ ትምህርት ያረፍዳሉ። ከመሠረት የወጣው አፈር ደግሞ ጅረቱ አፋፍ ላይ ተከምሯል። ግንቦት ላይ ነን። ክረምቱ ሲገባ ያ አፈር ወዴት እንደሚሄድ ለማንም ግልጽ ነው።

ቤት የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች አንቃወምም። ከእነሱ ውስጥ የእኛ ልጆችም አሉ። በዓመት ውስጥ ስድስት ወር ውኃ የሚተኛበት መሬት ላይ ቤት መሥራት ለእነሱም ጥቅም የለውም። መሠረቱ ይሰምጣል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሽንት ቤቱ በክረምት ይሞላል። ከዚያው ጎጥ ራመድ ብሎ ደረቅና ድንጋያማ ቦታ አለ። ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም ማንም እኛን አልጠየቀም።

የሕጉ ነገርም መነሣት አለበት። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካላት ዳርቻ እንዲከለል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መመንጠርና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ሰጥቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የጠረጴዛ እርከን ከተሠራለት ብቻ ነበር። በረግረጋማ መሬት ያለው ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅም ያዝ ነበር። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ሐሳቡ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ጨፌ፣ ከየት እስከ የት የሚለው መሬት ላይ ወርዶ አለመለካቱ ነው። ያልተለካ መሬት ጠበቃ የለውም። የመጣ ሁሉ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ቅሬታችን የተፋሰስ ልማት ሥራውን ይመለከታል።

በየዓመቱ በበጋው ሕዝቡ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። ሥራው መልካም ነው። በዚህ ድካም ያገገሙ ተራሮች በብዙ ቦታ አሉ። በእኛ አካባቢ ግን ሥራው የሚያበቃው ሪፖርቱ ሲጻፍ ነው። ከመንደራችን በላይ ባለ ተዳፋት ላይ ጥሩ እርከን ተሠርቶ ነበር። ሰብል እንደተሰበሰበ ከብት ተለቀቀበት። የእርከኑ ጠርዝ በአንድ ቦታ ተናደ። የሚጠግነው አልተመደበም። በቀጣዩ ክረምት እርከኑ ያጠራቀመው ውኃ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ተጠራርቶ ወጣ። የተናደ እርከን እኮ ጨርሶ ካልተሠራው የከፋ ነው፤ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ጎርፍ አንድ ላይ ሰብስቦ ይለቀዋል። ዛሬ በዚያ ቦታ ያለው ቦረቦር በሬ ቢገባበት ቀንዱ አይታይም። ከግርጌው የነበረው የሽንብራ ማሳ ለሁለት ተከፍሏል። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመሻገር ዙሪያውን መሄድ አለባቸው። ቦረቦሩን ለማዳን የተካቡት ክትሮች ድንጋይም እየተነቀለ ለቤት መሠረት ተወስዷል። ማን እንደወሰደው ይታወቃል። የጠየቀው ግን የለም።

የእርከኑ ርዝመት በኪሎ ሜትር ሪፖርት ይደረጋል። ከዓመት በኋላ ስንቱ ቆሞ እንደተገኘ ግን ሲነገር ሰምተን አናውቅም። ችግኙም እንዲሁ ነው። ስንት ተተከለ ይባላል እንጂ ስንት ጸደቀ አይባልም።

ከሁሉም ርካሹና የተሻለው መንገድ ደግሞ ተራራውን ከልሎ ማሳረፍ ነው። ከብት ካልገባበት፣ እሳት ካልነካው፣ መሬቱ ውስጥ የተቀበረው ዘርና ሥር ራሱ ይነሣል። መጀመሪያ ሣሩ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦው፣ በኋላ ዛፉ። ለምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ገብቶ ጽዱንና ወይራውን ማየት ይበቃል። አባቶች አጥር አጥረው፣ ቃል አስረው ያቆዩት ነው። በየገጠሩ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖችም የምንጮች ጠባቂ ሆነው ኖረዋል። ከስንቶቹ ሥር ጠበል ይፈልቃል! የወል መሬት የእነሱን ያህል ጥበቃ ቢያገኝ ሌላ የምንለው አይኖርም ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር እንበል። ባሕር ዛፍ ማገዶም፣ ገንዘብም፣ የቤት ማገርም ሆኖ አኑሮናል። አንጠላውም። ግን ቦታው ምንጭ አጠገብና ጨፌ ውስጥ አይደለም። ውኃውን ይመጠዋል፣ ከሥሩም ሣር አያበቅልም። የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ለጅረት ዳር ተከላ ባሕር ዛፍ ሲያድል ማየት ያሳዝነናል። ለዚያ ቦታ ዶቅማ አለ፣ ሾላ አለ፣ ብሳና አለ። ለቦረቦር ጠርዝ ደሾና ቬቲቨር ሣር አለ።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ጎንደሬ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው የምናነሣው። ከተማዋ ከምትጠጣባቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው። (ወደ ምዕራብ ወርዶ ሱዳን ከሚገባው ከትልቁ አንገረብ ጋር አይምታታ። የእኛው ትንሹ ነው፤ ከመገጭ ጋር ተቀላቅሎ ጣና የሚገባው።) ግድቡ በደለል ምክንያት የመያዝ አቅሙን እያጣ መምጣቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፣ ተጽፏል። ደለሉ ከሰማይ አልወረደም። ከግድቡ በላይ ያለው የእርሻ መሬት አፈር ነው፤ የገበሬው እንጀራ። ላይኛው ማሳውን ያጣል፣ ታችኛው ውኃውን ያጣል። አንድ አፈር ሁለት ጊዜ ያከስረናል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጎንደር 207,044 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች በዓይን ይታያል። ውኃ ግን በፈረቃ ነው። ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ የማይታይበት ሰፈር ጥቂት ነው። ቧንቧ መጣ የተባለ ሌሊት እናቶች አይተኙም። ብዙዎቻችን ተስፋችንን የጣልነው ለዓመታት ሲገነባ በቆየው የመገጭ ግድብ ላይ ነው። እኛም እንጠብቀዋለን። ግን እንጠይቅ፦ የላይኛው መሬት እንዲሁ ከቀጠለ መገጭስ የአንገረብን ዕጣ የማያገኝበት ምክንያት ምንድን ነው? ግድብ ከመሙላቱ በፊት ተፋሰሱን መያዝ ይቻላል። ከሞላ በኋላ ደለል ጠርጎ ማውጣት ግን ገንዘቡም ከባድ ነው፣ የወጣውን የሚጥሉበት ቦታም ሌላ ራስ ምታት ነው።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ አሸዋና ጠጠር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ምክንያቱም ከሁሉም ያነሰ የሚነገርለት ጉዳይ ነው።

ጣና ውስጥ በሌላ በየትም የዓለም ክፍል የሌሉ ዓሦች አሉ። ዓሣ አጥማጁ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ ይላቸዋል፤ በሳይንስ ላቤዎባርበስ ይባላሉ። ከአንድ ደርዘን በላይ የሆኑ ዝርያዎች እዚያው ሐይቁ ውስጥ ተለያይተው የተፈጠሩ ናቸው። አንዱ ዓሣ በል ነው፣ ሌላው ነፍሳት ለቃሚ ነው፣ ሌላው የውኃ ውስጥ ተክል በል ነው። ይህን የመሰለ የትልልቅ ዓሦች ቤተሰብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በተባለ ሐይቅም ነበር። እዚያ አብዛኛው ጠፍቷል። የቀረው የእኛው ነው።

ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ ቢኖሩም የሚራቡት ግን ወንዝ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ከጣና ወጥተው በመገጭ፣ በድርማ፣ በርብ፣ በጉማራ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ቦታ ጥልቀት የሌለው፣ ንጹሕ ጠጠር የተነጠፈበት፣ ውኃው እየተንፎለፎለ የሚያልፍበት ነው። እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። በጠጠሩ ክፍተት የሚያልፈው ውኃ ለእንቁላሉ አየር ያደርስለታል። ክፍተቱ በጭቃ ከተደፈነ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ጠጠሩ ራሱ በመኪና ተጭኖ ከሄደ ደግሞ እንቁላል የሚጣልበት ቦታም አይኖርም።

ታዲያ መገጭ ዳር ምን እየሆነ ነው? ገልባጭ መኪና ወንዙ ውስጥ ገብቶ ይጭናል። የወንዙ ዳር ተቆርሶ መንገድ ተሠርቶለታል። አሸዋው ከወንዙ ወለል በወጣ ቁጥር ዳሩ እየተናደ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ከዳሩ ጋር አብሮ የሄደ የጓሮ መሬት አለ፤ ሽንኩርትና ቃሪያው ከነመስኖ ቦዩ። አሸዋ የሚያወጡት ወጣቶች ሥራ አጥተው ነው እዚያ የገቡት፤ በእነሱ ላይ ጣት አንቀስርም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ግን ፈቃዱን ሲሰጥ የትኛው ቦታ የዓሣ መራቢያ እንደሆነ ጠይቋል? በየትኛው ወር መቆም እንዳለበት ወስኗል? ያየነው ፈቃድ ስለ ክፍያው እንጂ ስለ ወንዙ አንድም መስመር የለውም።

ዓሣ አጥማጅ ወገኖቻችንም በመራቢያ ወራት የወንዙን አፍ በመረብ እንዳይዘጉ እንለምናለን። እንቁላል የተሸከመችን ዓሣ ወደ ወንዙ ሳትገባ መያዝ የከርሞውን መያዝ ነው። ይህን ከጎርጎራ በኩል ያሉ አንጋፋ አጥማጆች ከእኛ በተሻለ ያውቁታል።

ስለ ቆሻሻው ረጅም አንጽፍም፤ በየዕለቱ የሚታይ ነው። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን የቆረቆሩት በአንገረብና በቀሃ መካከል ነው። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው በቀሃ ውኃ ነው። ዓለም የሚመጣበትን በዓል የምናከብርበት ወንዝ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ የፌስታልና የፍሳሽ መውረጃ ሊሆን አይገባም። የወንዙ ዳር ባለቤትና ወሰን ቢኖረው ኖሮ ቆሻሻ ደፊውም ያፍር ነበር።

አራተኛው የእኛ ሳይሆን ከእኛ በታች ያሉ ሰዎች ቅሬታ ነው። እናንተው ፊት ልናቀርብላቸው ይገባናል።

እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ያውም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ መገጭ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አካባቢ። አጋጣሚ አይደለም። እምቦጭ የሚፋፋው በናይትሮጅንና በፎስፎረስ ነው። ፎስፎረስ ደግሞ በአብዛኛው ብቻውን አይጓዝም፤ ከደቃቁ አፈር ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። የእኛ ጨፌ፣ የእኛ እርከን፣ የእኛ ወንዝ ዳር ያላስቀረው አፈር ከእኛ በታች፣ ጣና ዳር ባለችው ደንቢያ ላይ እምቦጭ ሆኖ ይበቅላል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ጥልቅ የተባለው ቦታው 14 ሜትር ቢሆን ነው። የሚገባበትን አፈር ሁሉ ችሎ አይኖርም።

የደንቢያ ሰዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው እምቦጭ ሲነቅሉ አይተናል። ከጎንደር ከተማም ወጣቶች በመኪና ተጭነው ሄደው ረድተዋል። ያ ፍቅር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ግን የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ከላይ ምግቡ እየወረደለት ከታች መንቀል መቼ ያልቃል? ለነቀላው የሚወጣው ጉልበት ጥቂቱ እንኳ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ቢውል የታችኛው ሰው እፎይ ይል ነበር።

እምቦጩ ብቻ አይደለም። ሐይቁ ሲሸሽ የሚታረሰው የዳርቻ መሬት ደንገሉን እየበላው ነው። ደንገል ለጣና ሰው ታንኳ ነው። ለዓሣ ጫጩት መጠለያ ነው። ከላይ የመጣውን አፈር ለመጨረሻ ጊዜ የሚያጣራ ወንፊትም እሱ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ፎገራ ላይ ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች በእርሻ መስፋፋት ምን ያህል እንደጠበቡ የታወቀ ነው። አናታቸው ላይ ወርቃማ ጉንጉን ያላቸው ትልልቆቹ ወፎች፣ በበጋም ከሰሜን ዓለም ተሰደው የሚመጡት እንግዶች የሚያርፉት እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት፣ ማለትም ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ፣ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። የተመዘገበው ግን ውኃው ብቻ አይደለም። ዙሪያው ያለው መሬትም ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ የምትመልሱልንን እንገምታለን። የመሬት ጥያቄ በዝቷል። በጀት የለም። አካባቢው ካለበት የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ ባለሙያ እንደልቡ መንቀሳቀስ አልቻለም። ሁሉም እውነት ነው። እኛም የምንኖረው እዚሁ ነው፤ እናውቀዋለን። ሆኖም ጨፌውን ለመሸንሸን ባለሙያ ተገኝቷል። ቦዩን ለመቆፈርም ገንዘብ ተገኝቷል። መሬት የተራበ ገበሬና ቤት ያጣ ወጣት መኖሩም ውኃ የሚያመነጨውን መሬት ለመስጠት ምክንያት አይሆንም። የሚሰጠው መሬት የቱ ነው፣ የማይሰጠውስ የቱ ነው የሚለው አስቀድሞ ይለይ ነው የምንለው። ጸጥታው እስኪሻሻል ድረስ እንኳ ሽማግሌዎችና የቀበሌ ሰዎች ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። ፈቃዱና ወረቀቱ ይሰጠን እንጂ እኛ እንጠብቀዋለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ክረምቱ ሳይገባ የጨፌው ሽንሸና ይታገድልን። ቦዩ ይደፈን። ጅረቱ አፋፍ ላይ የተከመረው አፈር ይነሣ። ምሪት የወሰዱት የማኅበር አባላት በደል ሳይደርስባቸው፣ ደረቅ መሬት ላይ ምትክ ይሰጣቸው። ቦታውን ለማሳየት ዝግጁ ነን። ይህ ከሐምሌ በፊት ካልተደረገ በኋላ መደረጉ ብዙም አይጠቅመንም።

ቀጥሎ በአንገረብ፣ በቀሃ፣ በሽንታና በመገጭ፣ እንዲሁም በገባሮቻቸው ዳር ግራና ቀኝ ቢያንስ 30 ሜትር ተለክቶ፣ ችካል ተቸክሎ፣ ካርታ ላይ ይስፈር። ምንጮችና ጨፌዎችም አንድ በአንድ ይመዝገቡ። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ መሬቱን ማንም እንደማይነጥቀው ያውቃል። ለወል ጨፌዎችና ለተከለሉ ተራሮችም በማኅበረሰቡ ስም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ። ደብተር ያለውን መሬት ለሌላ ጥቅም ለማዋል የሚፈልግ ማንኛውም አካል የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አስጠንቶ፣ ነዋሪውን ሰብስቦ፣ በግልጽ ይጠይቅ።

ወንዝ ዳር ያለው መሬት ታርሶ የሚበላበት ገበሬ ካለ በባዶ እጁ ውጣ አይባል። የመኖ ሣር፣ ፍራፍሬና የንብ ቀፎ ይሰጠው። ጥቅሙን እያየ መሬቱን ሣር ያለብሰዋል። ከከተማው የውኃ ክፍያ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተቀንሳ ከግድቡ በላይ ላሉ ጎጦች የጥበቃ ሥራ ትዋል። ጎንደር የሚኖረው ወንድማችን ለዚህ እንደማይሰስት እናምናለን። የላይኛው ገበሬ አፈሩን ሲይዝ የታችኛውን ቧንቧ እየጠበቀ ነው፤ ለድካሙ የሚከፈለው ሊኖር ይገባል።

የአሸዋና የጠጠር ፈቃድ በዓሣ መራቢያ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ ይቁም። የመራቢያ ቦታዎቹ በባለሙያ ተለይተው ለዘለቄታው ይከለሉ። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች ወደ ሌላ ሥራ የሚሸጋገሩበት መንገድም ይፈለግ። በከተማው ያሉ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ምሁራን ዓሦቹን፣ ደለሉንና ተፋሰሱን ለዓመታት አጥንተዋል። ሥራቸው ከመደርደሪያ ወርዶ ፈቃድ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

የተፋሰስ ሥራ ሪፖርትም የተሠራውን ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ቆሞ የተገኘውን እርከንና የጸደቀውን ችግኝ ይጨምር። በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ለእርከንና ለክትር ጥገና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው በስም ይመደብ። ልቅ ግጦሽን ለማስቀረት የወጡ የየጎጡ ደንቦች በፍርድ ቤትና በቀበሌ ዘንድ ተቀባይነት ያግኙ፤ ደንብ ጣሹ ሲከሰስ ሽማግሌው አይሸማቀቅ።

በመጨረሻም፣ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በአንድ ወር ውስጥ ቦታው ድረስ መጥታችሁ ከነዋሪው ጋር እንድትነጋገሩ በአክብሮት እንጠይቃለን። መልሳችሁ በጽሑፍና በቀን ተወስኖ እንዲሰጠን እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በመገጭ ተፋሰስ የአንድ ጎጥ የጨፌና የምንጭ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
በነዋሪዎቹ፣ በሽማግሌዎቹና በመምህራኑ ስም
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለክልልና ለፌዴራል የውኃ፣ የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች
ለደንቢያና ለጎንደር ዙሪያ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች
ለጎንደር ከተማ ሕዝብ